«ውሃ የማያስገባ» የስኪ ጫማ ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዱ «የስኪ ጫማዬ ውስጡ በሰበሰ፤ ውሃ የማያስገባ ብለው ሸጠውልኝ ነበር» ብሎ ሲያማርር አነበብኩ። ሌላው ከሥር ገባና «መጋጠሚያውን ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈነው፤ ትገላገላለህ» አለው። ብዙ ሰውም ወደደለት። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ አልቻልኩም። ሥራዬ እነዚህን በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚደረጉ ጫማዎች ማስተካከል ነው፤ ይህችን ቃል በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ውሃ የማያስገባ ማለት ከውጭ ወደ ውስጥ ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው። በቃ። ውስጡ ደርቆ ይውላል ማለት አይደለም። ቃሉ የሚያወራው ስለ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ገዢው ግን ስለ ሁለቱም ቃል የተገባለት ይመስለዋል።

የጫማው ቅርፊት ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን። በፕላስቲኩ በኩል ውሃ አይገባም። ችግሩ በዚያው ፕላስቲክ ላብም አይወጣም። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ የስኪ ጫማ ቆዳ ነበር። ፕላስቲኩን ገበያ ያስገባው አሜሪካዊው ቦብ ላንግ ነው፤ እሱም የፈለገው ጠንካራ ጫማ እንጂ ደረቅ እግር አልነበረም። ለተራራ ጉዞ በሚሠሩ ጫማዎች ላይ ያለው እንፋሎት የሚያስወጣ ስስ ሽፋንስ? ገበሩ (ከቅርፊቱ ውስጥ ተስቦ የሚወጣው ለስላሳ የውስጥ ጫማ) ላይ ቢኖር እንኳ ፕላስቲኩ ያፍነዋል።

ድስት ጥዳችሁ ከድናችሁ ታውቃላችሁ። ክዳኑን ስታነሱት ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ያኔ «ክዳኑ ያፈሳል» ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እዚህም እሳቱ እግራችሁ ነው። ካልሲውና ገበሩ ድስቱ ውስጥ ያለው ናቸው። ፕላስቲኩ ክዳኑ ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ክዳን። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ፕላስቲክ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ጣቶቹ ጋ ይበልጥ ስለሚበርድ እዚያ ይጠራቀማል። ማታ ገበሩን ሳያወጡ ጫማውን ጥግ አስይዞ መተኛት እንደተከደነ መተው ነው። ሲሊኮኑ ደግሞ ክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫን ነው። (ምሳሌው እዚህ ላይ ይንገዳገዳል፤ ድስት ዘለበት የለውም።)

አንድ ደንበኛ «ቀዳዳው የት እንዳለ ፈልግልኝ» ብሎ ጫማውን አመጣ። ገበሩን ስቤ አወጣሁት። ቅርፊቱ ውስጥ ጠብታ የለም። ገበሩን ገልብጬ ጣቶቹ ጋ ስጨምቀው ግን እጄ ራሰ። ጫማውን ማታ ማታ መኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር የሚያሳድረው። ቀዳዳ ብፈልግ እስካሁን እየፈለግኩ ነበር።

ከውጭ የሚገባ ውሃ የለም አላልኩም። አለ። ቅርፊቱ ከፊት ሁለት ከንፈር አለው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ከጣቶቹ በላይ ያ ድርብ ክፍተት ሲያበጅ የቀለጠ በረዶ ሰርጎ ይገባል። ዘለበቶቹ የታሰሩባቸው ብሎኖችም ሲላሉ እንደዚያው። የማውቅበት መንገድ ቀላል ነው። ገበሩን አወጣለሁ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ደረቅ ወረቀት እጠቀጥቃለሁ፣ ዘለበቶቹን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ድርቡ እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆመዋለሁ። ወረቀቱ የራሰበት ቦታ መግቢያውን ይነግረኛል። ወረቀቱ ከደረቀ ደግሞ ጥፋተኛው እግራችሁ ነው።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ ሰውዬ ልመለስ። ወንድሜ፣ እግር የሚገባው እኮ እነዚያን ከንፈሮች ከፍተህ ነው! ብትደፍናቸው ወይ ጫማውን አታጠልቀውም፣ ወይ በመጀመሪያው ቀን ሲሊኮኑ ተቀድዶ ይንጠለጠላል። ድርቡ በእውነት የሚያስገባ ከሆነ ለቀኑ ከላይ ሰፊ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ወይም ከኒዮፕሪን (እንደ ስፖንጅ ያለ ላስቲክ) የተሰራ የጫማ ልባስ ይደረግበታል። እሱም ለሙቀት ይጠቅማል።

ማድረቁ ላይ ብዙ አልቆይም። ገበሩን አውጡ፤ ከሥሩ ያለውን ንጣፍም ጭምር። ለብ ያለ ነፋስ ስጡት። ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት፤ ብዙዎቹ ገበሮች በሙቀት የእግር ቅርጽ እንዲይዙ የተሠሩ ስለሆኑ ስፖንጁ ይለሰልስና ቅርጹን ይለቃል። ያኔ ደረቅ ግን የማይሆናችሁ ጫማ ይኖራችኋል። ሲደርቅ መልሳችሁ ዘለበቶቹን ሳታጠብቁ ዝጉ፤ ክፍት ያደረ ቅርፊት እየተንጋደደ ይሄዳል፣ ያ ድርብ ከንፈርም አይገጥምም። ቀዝቃዛ ቅርፊት በጉልበት አትፈልቅቁ፤ መጀመሪያ ይሙቅ። የብዙ ዓመት ጫማ ያላችሁ ደግሞ አስተውሉ፦ እርጥበት ፖሊዩሬቴንን በዝግታ ይበላዋል። ዓመታት ተቀምጦ የከረመ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። እሱን «ያስገባል» ብትሉ አልከራከርም።

ካልሲ ሳልናገር ብቀር አይሆንልኝም። ሁለት ካልሲ መደረብ እግሩን ያጨናንቀዋል፣ ደሙን ይይዘዋል፣ ላቡንም ያበዛዋል። አንድ ስስ ካልሲ ይበቃል። እሱንም ከቤት አድርጋችሁ አትምጡ። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አፍጥኖ ይወስዳል፤ መንገድ ላይ ያላበው ካልሲ ጫማው ውስጥ ሲገባ እግራችሁ በረዶውን ሳይረግጥ በርዶታል። ደረቁን ካልሲ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ጫማውን ልታጠልቁ ስትቀመጡ ቀይሩት።