ጆን ፖኮክ እና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ የፖለቲካ ቋንቋ

ጆን ፖኮክ (1924–2023) የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያውያን ስለ ሥልጣን፣ ስለ ንብረትና ስለ ነፃነት ምን ያስቡ እንደነበር ለአሥርተ ዓመታት የመረመሩ የታሪክ ምሁር ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱት ለንደን ነው፤ ያደጉት ግን ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ፣ አባታቸው የግሪክና የላቲን ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩበት በነበረው ኮሌጅ ጥላ ሥር ነው። እሳቸውም እዚያው ተምረው ወደ ኬምብሪጅ ተሻገሩና በታሪክ ምሁሩ በኸርበርት በተርፊልድ አማካሪነት በ1952 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ሄዱ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ ጡረታቸው ያስተማሩት ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከኩዌንተን ስኪነርና ከጆን ደን ጋር የኬምብሪጅ ትምህርት ቤት የሚባለው የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ አጠናን ፈለግ መሪ ሆነው ይጠቀሳሉ። ጥያቄያቸው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ በየትኛው ቋንቋ እየተናገረ ነበር? ቋንቋ ሲሉ እንግሊዝኛ ወይም ላቲን ማለታቸው አይደለም። የሕግ አዋቂው፣ የሰባኪው፣ የነጋዴው፣ የጥንቷን ሮም የሚያደንቀው ባላባት እያንዳንዱ የየራሱ የቃላት ጓዳ አለው፤ ሐሳቡም የሚወጣው ከዚያ ጓዳ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ሙስና የሚለው ቃል ይመስለኛል። ዛሬ ሙስና ስንል ጉቦ ነው የሚታየን፤ በግዕዙ ግን መበስበስ፣ መፍረስ ነው፤ የመቃብር ሙስና እንዲሉ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊም ኮራፕሽን በሚለው በራሱ ቃል ሁለቱንም ይል ነበር። የእንግሊዝ ባንክ በ1694 ተቋቁሞ መንግሥት ለጦርነት ከሕዝብ መበደር ሲጀምር፣ በርስቱ ላይ ተቀምጦ ማንንም የማይፈራው ባለመሬት ከአዲስ ዓይነት ሰው ጋር ተፋጠጠ፤ ሀብቱ መሬት ሳይሆን የመንግሥት የብድር ወረቀት የሆነ ሰው። የወረቀቱ ዋጋ በወሬና በተስፋ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚያ ላይ ቋሚ ጦር አለ፤ ከንጉሡ ሹመትና ደመወዝ የሚቀበሉ የፓርላማ አባላት አሉ። ተቃዋሚዎቹ ሙስና ብለው የጮኹት ጉቦውን ብቻ አይደለም፤ ማንም የራሱ ጌታ ሆኖ የማይቆምባት አገር እንደ ሬሳ ትፈርሳለች ብለው ፈርተው ነው።

ፖኮክ በ1975 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ የዚህን ስጋት ሐረግ ከጣሊያናዊው የፖለቲካ ጸሐፊ ከማኪያቬሊ ፍሎረንስ ጀምረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ጸሐፊ በጄምስ ሃሪንግተን በኩል እስከ አሜሪካ አብዮት ድረስ ተከተሉ። በዚህም የዘመኑ አስተሳሰብ ሁሉ የግለሰብን መብት ካስቀደመው ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጆን ሎክ ይመነጫል የሚለውን ልማድ ነቀነቁት። ጆይስ አፕልቢና አይዛክ ክራምኒክ የተባሉ ምሁራን ግን ፖኮክ ሎክንና የገበያውን መንፈስ ከልክ በላይ ወደ ዳር ገፍተዋል ሲሉ ሞገቷቸው። ሙግቱ ተገቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሎክን ብቻ ይዞ ያንን ዘመን መተረክ አልተቻለም።

ብሪታንያ በ1973 የአውሮፓን የጋራ ገበያ ስትቀላቀል ኒውዚላንዳውያን የተተዉ ያህል ተሰማቸው። ፖኮክ በዚያው ሰሞን የብሪታንያ ታሪክ የእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን የስኮትላንድ፣ የአየርላንድ፣ የዌልስና ባሕር ተሻግረው የሰፈሩት ሕዝቦችም ታሪክ ሆኖ እንዲጻፍ ጠየቁ። ከዳር ያደገ ሰው ያየው ነገር ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራቸው ከ1999 እስከ 2015 በስድስት ቅጽ የወጣው፣ የሮምን ውድቀት ታሪክ በጻፈው በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጊበን ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። ጊበን ኢትዮጵያውያን በሃይማኖታቸው ጠላቶች ተከበው፣ ዓለምን ረስተው፣ በዓለምም ተረስተው ሺህ ዓመት ያህል አንቀላፉ ብሎ በ1788 የጻፈው ሰው ነው። አረፍተ ነገሩ እኛን ሲያስቆጣ ኖሯል። በፖኮክ መንገድ ያነበበው ሰው ግን ከቁጣው አልፎ «አንቀላፉ» የሚለው ቃል ከየትኛው ጓዳ እንደወጣ ይጠይቃል፤ ንግድና መገናኘት ሕዝብን ይገራል፣ ያነቃልም ብሎ ከሚያምነው የዘመኑ አውሮፓ ጓዳ።

ስድስተኛው ቅጽ ሲታተም ፖኮክ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ነበር። በታኅሣሥ 2023፣ መቶ ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ አረፉ።