መስቀል ያለበት ሁሉ የኢዛና አይደለም

የአክሱምን ሳንቲሞች በመለየትና በመመዝገብ ብዙ ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ ሳንቲም ያገኘ ወይም አገኘሁ ብሎ ያመነ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ይልክልኛል። አብሮት የሚመጣው ጽሑፍ ጥያቄ መስሎ ይጀምርና ፍርድ ሆኖ ያልቃል፦ «የኢዛና ሳንቲም ነው፤ ዋጋው ስንት ያወጣል?» ዋጋ አልናገርም። ፍርዱም ከአሥሩ ዘጠኝ ጊዜ ስሕተት ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

ቀላሎቹን አስቀድሜ ላሳልፍ።

«የንግሥተ ሳባ ሳንቲም ነው» ለሚሉኝ፦ አክሱም በስሟ ሳንቲም ማተም የጀመረችው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። ከንግሥተ ሳባ ታሪክ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይርቃል።

«ጨረቃ ስላለበት የእስላም ነው» ለሚሉኝ፦ እንዱቢስ ጨረቃና ክብ ያለበትን ሳንቲም ያሳተመው እስልምና ከመነሣቱ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ያው ምልክት ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በጥንታዊው የመጠራ ሐውልት አናት ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

«የአብርሃና የአጽብሓ ነው» ለሚሉኝ፦ እነዚህ ስሞች የተጻፉበት የአክሱም ሳንቲም እስካሁን አልታወቀም። በነገሥታት ዝርዝር የምናውቃቸው ስሞችና በሳንቲም ላይ የሚነበቡት ስሞች የሚገናኙት እንደ ካሌብና እንደ አርማህ ባሉ ጥቂት ነገሥታት ላይ ብቻ ነው።

ማርትሬዛ ልከው «ጥንታዊ ነው?» የሚሉኝን በተመለከተ ደግሞ፣ 1780 የሚለው ቁጥር በገንዘቡ ላይ በግልጽ ተጽፏልና እባካችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «መስቀል ካለበት የኢዛና ነው» የሚለው እምነት ከትምህርት ቤት ይዘነው የምንወጣው ይመስለኛል። ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ተቀበለ፣ በሳንቲሙም ላይ ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል አደረገ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ እውነት ግን ሁለት ስሕተቶች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው፣ ኢዛና ራሱ ከመጠመቁ በፊት ጨረቃና ክብ ያለባቸውን ሳንቲሞች ማሳተሙ ይረሳል፤ ስለዚህ ጨረቃ ያየ ሰው «እንግዲያው የኢዛና አይደለም» ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ፣ ከኢዛና በኋላ የነገሡት ሁሉ፣ የሳንቲሙ ሥራ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስኪቋረጥ ድረስ፣ መስቀሉን አለመተዋቸው ይዘነጋል። ስለዚህ መስቀል የሚነግረን «ከኢዛና መጠመቅ ወዲህ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ወዲህ የሚለውም ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይሸፍናል።

በብዛት «የኢዛና» ተብሎ የሚላክልኝ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ነው። በአንዱ ገጽ የንጉሥ ምስል አለ፤ ዙሪያውን በግሪክኛ «ባሲሌውስ» ማለትም «ንጉሥ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎበታል። በሌላው ገጽ መካከል አራት እጁ እኩል የሆነ መስቀል ተቀምጦ፣ በዙሪያው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ይዞራል። የንጉሥ ስም በየትኛውም ገጽ የለም። ሊቃውንት ከኢዛና ዘመን በኋላ የሚያስቀምጡትና ለረጅም ጊዜ ሲታተም የኖረ ዓይነት ነው። ስም የሌለውን ሳንቲም የኢዛና የሚያደርገው የላኪው ምኞት ነው እንጂ ሳንቲሙ አይደለም። በሌላ በኩል «በዝ መስቀል ትመውእ» ማለትም «በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ» የሚል የግእዝ ጽሑፍ ያለበት የነሐስ ሳንቲም አለ፤ እርሱም የኢዛና ሳይሆን መሐድይስ የተባለ የኋላ ንጉሥ ሳንቲም ነው። ንጉሡ ሙሉ ሰውነቱ ታይቶ በዙፋን ላይ የተቀመጠበትን የነሐስ ሳንቲም ያየ ሰው ደግሞ ኢዛናን ትቶ ወደ መጨረሻዎቹ ነገሥታት፣ ወደ አርማህ መሄድ አለበት።

ከምልክቱ ቦታ መጀመር ያለብን ለዚህ ነው። የወርቁን ሳንቲም ንጉሡ ቀና ብሎ እንዲታይ አድርጋችሁ ያዙትና፣ ሰዓት ቢሆን 12 ቁጥር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለውን ተመልከቱ። በቀደሙት ነገሥታት እዚያ ጨረቃና ክብ ነው፤ በክርስቲያኖቹ ዘመን መስቀል ነው። የስም መመሳሰል እንኳ የሚፈታው በዚሁ ነው፦ «ኡሳናስ» የሚል ስም ጨረቃ ባለበት ሳንቲም ላይም፣ እርሱን የመሰለ ስም መስቀል ባለበት ሳንቲም ላይም ይገኛል፤ ጨረቃ ያለበት በግሪክኛ ፊደል «ብሲ ጊሴኔ» ማለትም «የጊሴኔ ሰው» የሚል መጠሪያ ያለው ከጥምቀት በፊት የነበረው ንጉሥ ነው፤ መስቀል ያለበት ግን ከካሌብ ጥቂት ቀደም ብሎ የነገሠ ሌላ ሰው ነው። ስሙን ብቻ አንብቦ የመዘገበ ሰው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የሚራራቁ ነገሥታትን በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ይህ በባለሙያ መዝገብ ላይም የደረሰ ስሕተት ነው፤ የራሴን መዝገብ ጨምሮ።

«ፊቱን እዩት፤ አፍንጫው የኢዛና ነው» የሚለኝም አለ። የኢዛናን አፍንጫ የት እንዳየው አልጠየቅሁትም። የአክሱም ቀራጭ የሰውን መልክ አልቀዳም፤ የንግሥና ምልክት ነው የቀረጸው። ዓይን፣ አፍንጫና አገጭ በጥቂት መስመሮች ይገለጻሉ፤ ከንጉሥ ወደ ንጉሥም ብዙ አይለወጡም። የሚለወጠው በራሱ ላይ ያለው ነው። እንዱቢስ በሁለቱም ገጽ የሚታየው ሻሽ አስሮ ነው፤ የሻሹ ቋጠሮ ከማጅራቱ በኩል ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ይወርዳል። ከእንዱቢስ በኋላ የነገሠው አፊላስ አክሊል አመጣ፤ ከእርሱ ወዲህ በወርቁ ላይ በአንዱ ገጽ አክሊል፣ በሌላው ሻሽ ማየት የተለመደ ሆነ። እንግዲህ በሁለቱም ገጽ ሻሽ ብቻ ያለበት፣ ጨረቃ ያለው የወርቅ ሳንቲም ከእጃችሁ ቢገባ፣ ስለ አፍንጫው ሳትጨነቁ ወደ እንዱቢስ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ሚዛንም ይረዳል፦ የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የኋለኞቹ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወርደዋል። ምስሉን ከግራና ከቀኝ ያቀፉት ሁለት ዛላዎችም ብዙዎች እንደሚሉት ዘንባባ አይደሉም፤ የስንዴ ወይም የገብስ ዛላ ናቸው፤ ፍሬው በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ግሪክኛ ስለሆነ የእኛ አይደለም» የሚለው ደግሞ ያሳዝነኛል። በእንዱቢስ ሳንቲም ላይ በዚያው ግሪክኛ «የአክሱማውያን ንጉሥ» ተብሎ ተጽፏል። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ስለነበር የነጋዴውን ቋንቋ ተናገረ፤ የመን ውስጥ አል-መዳሪባ በተባለ ስፍራ ከተገኘው ክምችት ውስጥ 326 ያህሉ የአክሱም ወርቅ፣ የቀረው የሮም ወርቅ መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። ግእዝ በስፋት የገባው በብሩና በነሐሱ ላይ ነው። የግሪክኛው ፊደል ሲዛነፍ አይተው «ፎርጅድ ነው» የሚሉም አሉ፤ የኋለኞቹ ቀራጮች የማያነቡትን ቋንቋ ከቀድሞው ሳንቲም እያዩ ስለገለበጡ ፊደሉ መዛነፉ አይቀርም። እንዲያውም ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው አንዳንድ ጊዜ የፊደሉ ማማር ነው።

የመጨረሻው ስሕተት ጥፋት ያስከትላል፤ «ነሐሱን ብፍቀው ከሥሩ ወርቅ ይወጣል» የሚለው ነው። ከሥሩ ወርቅ የለም፤ ወርቁ ያለው ከላይ ነው። የአክሱም ባለሙያዎች የብሩንና የነሐሱን ሳንቲም አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ከንጉሡ ራስ በስተጀርባ ያለውን ቦታ ወይም የመስቀሉን ዙሪያ፣ በስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህ ልባጥ ራሱ አንዱ የመለያ ምልክት ነው። ስለዚህ ሳንቲም ያገኘ ሰው አይጠበው፣ አይፈትገው፤ እንዳለ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ሁለቱንም ገጽ ቀና አድርጎ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ያገኘበትን ቦታ ይጻፍ፣ ከዚያም በአቅራቢያው ላለው የባህል ቅርስ ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት ከመሬታቸው ያገኙትን ትንሽ ነሐስ በመሀረብ ቋጥረው አመጡልኝ። ለእንግዳ እንዲያምር ብለው በሎሚና በአመድ ሌሊቱን ሲፈትጉት ማደራቸውን በኩራት ነገሩኝ። መስቀሉ እንደ መስተዋት ያበራል፤ በዙሪያው የነበረው ወርቅ ግን ከአንዲት ጥግ ላይ ከቀረች ፍንጣሪ በቀር የለም፤ ጽሑፉም ተልጦ ሦስት ፊደል ብቻ ተርፎታል። «ታዲያ የኢዛና ነው አይደለም?» አሉኝ። «አባባ፣ ትናንት ማታ ቢያመጡልኝ ኖሮ በደንብ እነግርዎ ነበር» አልኋቸው።