ሊቶስፌር ምንድን ነው? ድሬ የማግማ ባሕር ላይ አልተቀመጠችም

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናጥ በሰነበተበት ጊዜ፣ ተማሪዎቼ አንድ ቪዲዮ በስልክ አሳዩኝ። ተናጋሪው ፕሌት ማለት የመሬት ቅርፊት ነው ይላል። ቅርፊቱ የማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ባሕር ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ የተሰነጠቀ ቀን ድሬዳዋ ትሰምጣለች ብሎ ይቀጥላል። የአንዷ ተማሪ እናት ይህን ሰምተው እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አደሩ። ስህተቱን በዜናም በፈተና ወረቀትም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አሁንስ በዛ።

ፕሌት የሊቶስፌር ቁራጭ ነው። ሊቶስፌር ደግሞ ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከሥሩ ያለውን ማንትል የሚባለውን ወፍራም የድንጋይ ንብርብር የላይኛውን ጫፍም ይጨምራል። የአህጉር ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ሊቶስፌሩ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በጥንታዊ አህጉሮች እምብርት ከ200ም ያልፋል። ስለዚህ አብዛኛው የፕሌት አካል ማንትል ነው።

ከዚያ በታች ያለው አስቴኖስፌርም ጠጣር ድንጋይ ነው። ወንድሜ ተናጋሪው፣ ባሕር ቢሆን ኖሮ የርዕደ መሬት ኤስ ሞገድ ባላለፈበት ነበር። ይህ ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ አይሄድም። ማንትልን ግን ከላይ እስከ ታች ያቋርጣል። የሚቆመው 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ፈሳሹ የመሬት የውጭ እምብርት ጋ ሲደርስ ነው።

ታዲያ ፕሌቱ በጠጣር ድንጋይ ላይ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ሻማ አስቡ። ሐረር ላይ ሻማ በኃይል ብታጎብጡት ቀጭ ይላል። ያንኑ ሻማ ግንቦት ላይ ድሬ አምጡትና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጫፍና ጫፉን ሁለት ጡብ ላይ አስደግፋችሁ ተዉት። ማታ ስትመለሱ መሃሉ ጎብጦ ታገኙታላችሁ። አልቀለጠም፤ አንድ ጠብታ አልወረደውም።

ሐረርን ሊቶስፌር፣ ድሬን አስቴኖስፌር በሏቸው። ሰሙ ያው ነው፣ የተለየው ሙቀቱ ነው። በደንገጎ ቁልቁል ስትወርዱ ሻማው ልክ እዚህ ጋ ለሰለሰ የምትሉበት ቦታ የለም። የሊቶስፌር ወለልም እንዲሁ ነው። 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድንጋዩ ቀስ በቀስ እየላላ ይሄዳል። ቅርፊትና ማንትል ግን የሚለያዩት በስሪታቸው ነው፤ ሻማውና የተጠቀለለበት ወረቀት እንደሚለያዩት። ፕሌት ማለት እንግዲህ ወረቀቱም፣ ሐረር ያለው ሰምም አንድ ላይ ነው።

100 ኪሎ ሜትር ያልኩትን ግን እንደ ሜትር ልኬት አትያዙት። በሙቀት ስንለካ፣ በሞገድ ፍጥነት ስንለካ፣ ፕሌቱ ከጭነት በታች በሚጎብጠው መጠን ስንለካ ቁጥሩ ይለያያል። አፋር ላይ ደግሞ ሊቶስፌሩ በጣም ሳስቷል።

ሻማው የማያሳየን ነገር ግፊት ነው። በዚያ ሙቀት ድንጋዩ የማይቀልጠው ከላይ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ነው። በአፋር ፕሌቶቹ ሲራራቁ ሊቶስፌሩ ይሳሳል፣ ትኩሱ ማንትል ወደ ላይ ይወጣል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያኔ ከፊሉ ይቀልጣል። እዚህ ማግማ የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው። በአስቴኖስፌር ውስጥ በማዕድናት መሃል ጥቂት ቅልጥ ሊኖር ይችላል፤ ስለ መጠኑ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ባሕር ነው የሚል ግን የለም።

መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ስንጥቁን ማግማ ሞላው። እንዲህ ያለ ማግማ እዚያው ቀዝቅዞ አለት ይሆናል፤ ማለትም መሬቱ አዲስ ድንጋይ ጨመረ እንጂ የማግማ ባሕር ውስጥ አልሰመጠም።

ለተማሪዋ እናት የላክሁት መልስ አጭር ነው። እማማ፣ ከድሬ ሥር ያለው ድንጋይ ነው። መሬቱ ሲናጥ የሚያሰጋው ግድግዳው ነው፤ የመኝታ ቤትዎን ስንጥቅ ግንበኛ ጠርተው ያሳዩት።