የሹራብ ኮፍያ ናሙና ምንድን ነው?

«ናሙና» የሚባለው ነገር ያለ ቦታው ሲጠራ መስማት ሰልችቶኛል። አንዱ ከስልኩ ፎቶ ያወጣና «ናሙናው ይኸው፣ እንዲህ አድርገሽ ሥሪልኝ» ይላል። ሌላዋ ከመርካቶ የተገዛ ያለቀለት ኮፍያ ታመጣና ናሙና ትለዋለች። ሰሞኑን ደግሞ ሹራብ የሚያስተምር ሰው በቪዲዮ «ናሙና ለጀማሪ ነው፤ ኮፍያ እንደሆነ ይለጠጣል፣ 90 ቀለበት ጀምሩና ቀጥሉ» ሲል ሰማሁ፤ ቀለበት የሚባለው መርፌው ላይ የሚወጣው እያንዳንዱ የክር ጥምዝ ነው። ይህን የጻፍኩት በእሱ የተነሳ ነው።

ናሙና ማለት ኮፍያውን በምትሠሩበት ክር፣ በዚያው መርፌ፣ በዚያው አሠራር፣ በራሳችሁ እጅ የተሠራ ቁራጭ ነው። የሚሠራው ለመለካት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደገባ ትቆጥሩበታላችሁ። ፎቶ ይህን አይነግራችሁም። የሰው ኮፍያም የሚነግራችሁ የዚያን ሰው እጅ ነው።

እጅ ደግሞ አይመሳሰልም። እዚህ ሱሉልታ ሰብሰብ ብለን ስንሠራ ሁለት ሴቶች ከአንድ ጥቅል ክር፣ በእኩል መርፌ ጀምረው የተለያየ ጨርቅ ያወጣሉ። የአንዷ ጠበቅ፣ የሌላዋ ላላ ይላል። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው።

በቁጥር እንየው። የአዋቂ ሰው ራስ ዙሪያው ብዙ ጊዜ 56 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ኮፍያው ራስን እንዲይዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳንሰን 51 እናደርገዋለን። በናሙናችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበት ካለ፣ 102 ቀለበት ያስፈልጋችኋል። እጇ የሚጠብቅ ሴት 22 ካስገባች ግን ያው 102 ቀለበት 46 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። እጇ የሚላላዋ 18 ካስገባች ወደ 57 ይጠጋል። የመጀመሪያው ግንባር ላይ ምልክት ይተዋል። ሁለተኛው የእንጦጦን ነፋስ አይችልም።

«ይለጠጣል» የሚለው ክርክር ላይ ትንሽ ልቆይ። ባለ አንድ ቀለም ተራ ሹራብ በርግጥ ይለጠጣል። ሰውየው የሚያስተምረው ግን ባለ ሁለት ቀለሙን፣ ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለውን ኮፍያ ነው። እዚያ አሠራር ውስጥ በአንድ ዙር የሚሠራው በአንድ ቀለም ነው። የሌላው ቀለም ቀለበት ሳይሠራ ከግራ መርፌ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ የያዛችሁት ክር ከጀርባው ያልፋል። የተሻገረው ቀለበት ወደ ላይ ስለሚሳብ ቁመቱ ይሰበሰባል። ከጀርባው ያለፈው ክር ደግሞ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው፤ ቀለበት ስላልሆነ አይለጠጥም። አጥብቃችሁ ከጎተታችሁትማ ወርዱም ይጨማደዳል። እንዲህ ያለ ኮፍያ ጥቂት ይለጠጥ ይሆናል እንጂ 46 ሆኖ ከወጣ ለ56 ራስ አይበቃም። የክሩ ወረቀት ላይ የታተመው የቀለበት ቁጥርም እዚህ ብዙ አይረዳም፤ የሚናገረው ስለ ተራው አሠራር ነው።

ለጀማሪ ነው የሚባለውስ? እንጀራ የምትጋግር ሴት ማሟሻ ትጋግራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ብትጋግርም ማሟሻ አትተውም፤ የዛሬ እሳትና የዛሬ ሊጥ የትናንቱ አይደሉም። ማሟሻዋን በኤሌክትሪክ ምጣድ አውጥታ እንጀራውን በእንጨት እሳት የምትጋግር ግን አላየሁም። ኮፍያ ሠሪዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ ናሙናውን ወዲያና ወዲህ እየገለበጡ ይሠሩና ኮፍያውን ዙሪያውን እየዞሩ ይሠሩታል። ብዙ ሰው በጀርባ በኩል ሲሠራ እጁ ይላላል፤ ዙሪያውን ሲሠራ ግን ፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ልኩ ይለያያል። ስለዚህ ናሙናውንም በፊት በኩል ብቻ ሥሩ። በገመድ የተያያዘው መርፌ ካላችሁ መስመሩን ጨርሱ፣ ሳትገለብጡ ወደ ቀኙ ጫፍ ግፉት፣ ክሩን ከኋላ ላላ አድርጋችሁ አምጡና እንደገና ጀምሩ። ማሟሻም ቢሆን ጠርዙን ብቻ አይተው አይፈርዱበትም። ጠርዝ ይጠቀለላልና ቁራጩ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መሐሉ ላይ ያለውን 10 ለኩ። ልዩነቱ፣ ማሟሻ ይበላል፤ ናሙና ግን የመርፌው ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጣል።

ከመለካታችሁ በፊት እጠቡት፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። ከመርፌ የወረደ ጨርቅና የታጠበ ጨርቅ አንድ ልክ አይደሉም። በዚያውም ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ታያላችሁ። ቀዩ ክር ነጩን ሮዝ የሚያደርገው ከሆነ ቁራጩ ላይ ይታይ እንጂ ኮፍያው ላይ መሆን የለበትም። አክሪሊክ ከሆነ ካውያ አታስጠጉት፤ ሙቀት ካላላው በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም።

ራስም ሲለካ ከነፀጉሩ ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴትና ፀጉሯን የለቀቀች ሴት አንድ ልክ አይሰጡም። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ የሚጥልበት አካባቢ ያለን ሰዎች ኮፍያችን ጆሮ እንዲሸፍን እንፈልጋለን። ስለዚህ በቁመቱም ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። ባለ ሁለት ቀለሙ ከተራው የበለጠ ዙር ይፈልጋል፤ እሱን ያልቆጠረ ሰው ክር ያልቅበታል፣ ኮፍያውም አናት ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር ቀረ። 102 ያልኩት ስሌቱን ለማሳየት ነው። የሁለቱ ቀለም አበባ በየ4 ቀለበቱ የሚደጋገም ከሆነ 102 ለ4 አይካፈልም፣ መጋጠሚያው ላይ ንድፉ ይሰበራል። ወይ 100 ትጀምራላችሁ፣ ወይ 104። በ20 ልክ የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 52 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ ፀጉሯ ብዙ ለሆነ 104ን እመርጣለሁ።