ተመልሶ መገናኘት ማለት መልእክት መቀበል ማለት አይደለም

«መስመር ቢቋረጥ ላይብረሪው (ዝግጁ ኮዱ) ራሱ መልሶ ይገናኛል፤ እኔን ምን አስጨነቀኝ?» የሚለውን መልስ ከፕሮግራመሮች መስማት ሰልችቶኛል። የምናገረው ስለ ኤምኪውቲቲ ነው። ይህ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል (ደንብ) እ.ኤ.አ. በ1999 የተቀረጸው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነው፤ መስመር እንደሚቋረጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ያላሰበበት ተጠቃሚው ነው።

አዎ፣ ላይብረሪው ይገናኛል። ነገር ግን «ክሊን ሴሽን» የሚባለው፣ እያንዳንዱን ግንኙነት ከባዶ የሚያስጀምረው ቅንብር ከበራ፣ በብዙ ላይብረሪዎችም ካልነኩት የበራ ነው፣ መስመሩ ሲቋረጥ ብሮከሩ (መልእክቱን ከላኪ ተቀብሎ ለተቀባይ የሚያደርሰው ሰርቨር) የፕሮግራሙን ምዝገባዎች፣ ማለትም የየትኞቹ ርዕሶች መልእክት እንዲደርሰው እንደጠየቀ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ በሙሉ ይሰርዛል። ፕሮግራሙ ሲመለስ «ተገናኝቷል» ይላል፤ የተመዘገበበት ርዕስ ግን አንድም የለም። የስሕተት መልእክት እንኳን አይመጣም። አንድ ድርጅት የውሃ ታንከር መከታተያው ቆመብኝ ብሎ ሲጠራኝ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። መብራት ሄዶ መጥቷል፣ ራውተሩ ተነሥቷል፣ ፕሮግራሙ ተገናኝቷል፤ ስክሪኑ የሚያሳየው ግን የትናንቱን ቁጥር ነው። የምዝገባው ትእዛዝ የተጻፈው በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር። ግንኙነት በተፈጠረ ቁጥር ወደሚጠራው «ኦን ኮኔክት» ፈንክሽን አዛወርነው፤ ችግሩ በዚያው ተፈታ። እባካችሁ ምዝገባውን እዚያ ጻፉት!

«ኪውኦኤስ 1 ስላደረግሁ ምንም አይጠፋብኝም» የሚሉም አሉ፤ ኪውኦኤስ የመልእክት አደራረስ ዋስትና ደረጃ ነው፣ 1 ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። ብቻውን አይበቃም። በተቋረጠበት ጊዜ የመጣው መልእክት እንዲጠበቅላችሁ ክሊን ሴሽን መጥፋት፣ የደንበኛው (የተገናኘው ፕሮግራም) መለያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን፣ ላኪውም ተቀባዩም ቢያንስ ደረጃ 1 መጠቀም አለባቸው። ያኔም ቢሆን በደረጃ 1 አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ስለሚችል ተዘጋጁበት። የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ለሚበቃው፣ እንደ ታንከሩ ላለው ሥራ፣ ላኪው መልእክቱን «ሪቴይን» አድርጎ (ብሮከሩ የመጨረሻውን እንዲያስቀምጥ አዝዞ) ቢልከው ይሻላል፤ ተቀባዩ እንደተመዘገበ ወዲያውኑ ያገኘዋል።

«ቶሎ እንዲገናኝ በየሴኮንዱ ይሞክር።» አይሆንም። መሣሪያዎቹ ሁሉ እኩል ሲያንኳኩ ገና የተነሣው ብሮከር መልሶ ይወድቃል። የመጠበቂያውን ጊዜ በየሙከራው እጥፍ አድርጉት፤ በዕድል የሚለያይ ጥቂት ሴኮንድም ጨምሩበት።

«ፕሮግራሙን ዘግቼ ሞክሬዋለሁ፤ ብሮከሩ ወዲያው ያውቃል።» ይህ ሙከራ አይባልም። ፕሮግራም ሲዘጋ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ግንኙነቱን ስለሚዘጋ ብሮከሩ በእርግጥ ያውቃል። መስመር ሲሞት ግን የሚናገር የለም፤ «ኪፕ አላይቭ» (ፕሮግራሙ ምንም ሳይልክ ሊቆይ የሚፈቀድለት ጊዜ) 60 ሴኮንድ ከሆነ ብሮከሩ ተስፋ የሚቆርጠው ከ90 ሴኮንድ በኋላ ነው። መሞከር የምትፈልጉ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣውን ገመድ ንቀሉ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ሰኩት፤ ከዚያ ቀጣዩ መልእክት መድረሱን ተመልከቱ።