የዕድሜ ኩርባ ምንድን ነው? የበረዶ ሆኪ ጎል አግቢ ስንት ዓመቱ ላይ ይደክማል?

የዋሽንግተኑ አጥቂ አሌክስ ኦቬችኪን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2025 895ኛ ጎሉን አስቆጥሮ የቀድሞውን ተጫዋች የዌይን ግሬትዝኪን የምንጊዜም የጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር 39 ዓመቱ ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ሆኪ ባትከታተሉም ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። በዚያው የውድድር ዘመን እግሩ ተሰብሮ ሳምንታት አርፏል፤ ያም ሆኖ በ65 ጨዋታ 44 ጎል አገባ። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ዕድሜ ምን አደረገው?» ቢል አይፈረድበትም።

የዕድሜ ኩርባ የሚባለው፣ ተጫዋቾች በየዕድሜያቸው የሚያስመዘግቡት ውጤት በመስመር ሲሳል የሚወጣው ቅርጽ ነው። በሆኪ መለኪያው ብዙ ጊዜ ነጥብ ነው፦ ጎል ያገባው አንድ ያገኛል፣ ፓኳን (ጠፍጣፋዋን ጥቁር ጎማ) ያቀበሉት እስከ ሁለት የሚደርሱ ጓደኞቹም አንድ አንድ ይያዝላቸዋል።

ጄምስ ብራንደርና ሁለት ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት ከ1997-98 እስከ 2011-12 ያለውን የሰሜን አሜሪካ ሊግ፣ የኤንኤችኤልን መረጃ መርምረው ነበር። አጥቂዎች በ27 እና በ28 መካከል፣ ተከላካዮች በ28 እና በ29 መካከል ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። ለእኔ ግን ከጫፉ ይልቅ ስፋቱ ይበልጥ ይናገራል፤ አጥቂው ከ24 እስከ 32፣ ተከላካዩ ከ24 እስከ 34 ከምርጥ አቋሙ ብዙም አይርቅም። ቅርጹ እንደ ጦር የሾለ ተራራ ሳይሆን አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። በበረኞች ላይ ደግሞ ዕድሜ ያን ያህል ለውጥ አላሳየም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ38 ዓመት ተጫዋቾችን ሁሉ ሰብስበን አማካይ ብናወጣ ውጤቱ ደህና ይመስላል። ለምን? ወንፊቱ ሥራውን ስለጨረሰ ነው። የደከሙት ቀድመው ወጥተዋል፤ የቀሩት እንደ ኦቬችኪን ያሉት ናቸው። ጎርዲ ሃው በ1968-69፣ 40 ዓመቱ ላይ 103 ነጥብ አስመዝግቧል፤ ያሮሚር ያግር በ2015-16፣ 44ኛ ልደቱን ባከበረበት የውድድር ዘመን 66 ነጥብ አግኝቷል። እነዚህን አይቶ ስለ ሁሉም መፍረድ ያሳስታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ተጫዋቹን ከራሱ ጋር ያነጻጽራሉ፤ በ30 ዓመቱ ያገኘውን በ31 ካገኘው ጋር። ይህም ቢሆን ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ክለብ አጥቶ ያቆመው ሰው የሚቀጥለው ዓመት ውጤት የለውምና ትልቁ ውድቀት ሳይቆጠር ይቀራል።

ዘመኑም ራሱ ይለወጣል። ግሬትዝኪ በ1985-86 215 ነጥብ ሲያስመዘግብ ሊጉ ጎል የሚዘንብበት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ጎል ራሱ ብርቅ ሆነ። ስለዚህ የእሱን መውረድ በሙሉ በዕድሜ ማሳበብ ግፍ ነው።

ሁሉም ችሎታ አብሮ አይወርድም። ግሬትዝኪ በ1981-82፣ ገና 21 ሲሞላው፣ 92 ጎል አግብቶ ነበር። በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ፣ በ1998-99፣ በ70 ጨዋታ ያገባው 9 ብቻ ነው፤ ለጎል ያቀበለው ግን 53። እግሩ ቢዘገይም ዓይኑ አልዘገየም። ኦቬችኪንስ? እሱ ደግሞ ብዙ መሮጥ የማይጠይቅ መሣሪያ አለው፤ ተጋጣሚ ተጫዋች ተቀጥቶ ሲወጣ በግራ በኩል ቆሞ ይጠብቃል፣ የደረሰችውን ፓክ ሳያቆም ይመታታል። ቦታውን ሁሉም በረኛ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ተጫዋች በ27 ዓመቱ፣ ወይም ሰባት የውድድር ዘመን ሲሞላው ቀድሞም ቢሆን፣ ወደፈለገው ክለብ የመሄድ መብት ሊያገኝ ይችላል፤ ይኸውም ልክ አምባው አናት ላይ ሳለ። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በተፈራረሙት በ2013ቱ ስምምነት ክለቦች የራሳቸውን ተጫዋች እስከ 8 ዓመት ማስፈረም ይችሉ ነበር። በ28 የፈረመ አጥቂ ውሉ ሲያልቅ 36 ይሆነዋል፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቁልቁለት ናቸው። ከክለቡ የደመወዝ ጣሪያ (ለተጫዋቾቹ እንዲያወጣ ከሚፈቀድለት ከፍተኛ ገንዘብ) ላይ የሚያዘው ሂሳብ ግን በየዓመቱ እኩል ነው።