ሐይቅና አርዲቦ፦ የወሎን የውሃ ውስጥ ሕይወት ማየትና ፎቶ ማንሳት

ወሎ ዛሬ ባሕር የለውም። ሁለት ቀዝቀዝ ያሉ የከፍታ ሐይቆች ግን አሉት፤ ሐይቅና አርዲቦ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ውሃው ከከተማዋ አጠገብ ነው። ሐይቁም ከተማውም አንድ ስም ስለሚጋሩ፣ ብዙዎች ለመለየት ሲሉ ውሃውን ሎጎ ሐይቅ ይሉታል። አርዲቦ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ተኝቷል። ትርፍ ውሃው በወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህች ነጥብ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ሐይቅ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ለስፋቱ እጅግ ጥልቅ ነው። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው ዓሣ አይኖርበትም። ሕይወቱ ያለው ላይኛው ክፍልና ዳር ዳሩ ላይ ነው። ለተመልካች ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የአካባቢው ሰው የሚተርከው አለ። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች። ፈጣሪ ተቆጣና ምድሩን ውሃ አደረገው። ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው። ቦታው አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ሴት ፎቶ አንሺዎች ከውጭ በኩል ወይም ከጀልባ ላይ ያነሳሉ።

ስለ ጥንቱ ዘመን ጭቃው ራሱ ይናገራል። ተመራማሪዎች ከሁለቱ ሐይቆች ወለል ባወጡት ደለል ውስጥ የ3,000 ዓመት የአበባ ብናኝ አግኝተዋል። ጫካው ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ በቁጥቋጦ መተካቱ፣ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጥድ መልሶ መስፋፋቱ የታወቀው በዚህ ነው።

በደንብ የተጻፈለት ግን የቅርቡ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የውሃ ሳይንስ ሰዎች ሐይቅን ለኩ። አለካኩ ቀላል ነው። ነጭ ክብ ሳህን በገመድ ያወርዳሉ። ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይመዘግባሉ። ሐይቅ ላይ ሳህኑ እስከ 9 ሜትር ድረስ ታየ። 9 ሜትር! በአገራችን ሐይቆች ብርቅ የሆነ ጥራት ነበር።

በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ከዚያ በፊት ከዓሣ ዋናው ነዋሪ አምባዛ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሰው ዓሣ ይብላ፣ ገቢም ያግኝ። ዛሬም የሐይቅ ዓሣ ጥብስ የሚበላው በዚያ ምክንያት ነው። ውሃው ግን ተለወጠ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ጥናት ጥራቱ በጣም እንደወረደ አሳየ። የቆሮሶ ጫጩቶች ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን ይበላሉ። እነዚያ እንስሳት ደግሞ አልጌ የሚበሉ ነበሩ። በይው ሲጠፋ አልጌው በዛ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። አንዳንዶች ጥፋቱ ከእርሻ የሚታጠበው አፈር ነው ይላሉ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ማዳበሪያውንም ደለሉንም ይዞ እንደሚቀር እሙን ነው። ለእኔ ግን የዓሣው ድርሻ ጎልቶ ይታየኛል። ካርፕ የተባለ ሌላ ዓሣም በኋላ ገብቷል።

ውሃ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የተወለደው በሌሎች ቀዝቃዛ ዳርቻዎች ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቶምፕሰን በእንግሊዝ ዌይመዝ ካሜራ በሳጥን ውስጥ አድርጎ ወደ ባሕር አወረደ። በ1893 ሉዊ ቡታን በፈረንሳይ ባንዩልስ ራሱ ጠልቆ አነሳ። እዚያ የተገኘው ትምህርት እዚህም ይሠራል። ውሃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ይውጣል። ጥቂት ሜትር ሲወርዱ ቀዩ ነገር ግራጫ ይሆናል። የመጥለቂያ መነጽር ነገሮችን በሲሶ ያህል ያገዝፋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፍጥነት ከገላ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለብ ያለ የሚመስል ውሃም ቆይቶ ያንቀጠቅጣል። ብልጭታው ከካሜራው ራቅ ብሎ በጎን ካልተያዘ ደግሞ ተንሳፋፊው ብናኝ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። በአልጌ በበዛው ሐይቅ ይህ ችግር ይብሳል። መድኃኒቱ መቅረብ ነው። በእርስዎና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ፎቶው ይጠራል።

አየር ታንክ አዝሎ ለሚጠልቅ ከፍታው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል 300 ሜትር በላይ፣ በየትኛው ጥልቀት ምን ያህል መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የባሕር የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ይስተካከላል። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ቦታ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ልምድ የሌለው ሰው አይሞክረው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ስለሆነ፣ ጥልቀት በሌለው ፊላማ ዳር እግር ነክሮ መቆየትም አይመከርም።

ደግነቱ ከታንኳ ላይ ሆኖ ብዙ ይታያል። ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ይሂዱ። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ ካሜራው ላይ ይግጠሙ። በጥልቀት አልባው ዳር፣ በአሸዋው ላይ፣ እንደ ሳህን የጎደጎዱ ክቦች ካዩ የወንዱ ቆሮሶ ጎጆ ናቸው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና በአፏ ትሰበስባለች። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ እንኳ አደጋ ሲሰማቸው ተመልሰው ይገባሉ። ይህን የሚያሳይ ፎቶ ለማግኘት ግማሽ ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልግ ይሆናል። አምባዛ ደግሞ የሌሊት ነው። አየር ለመቅዳት ብቅ ሲል ውሃው ላይ ክብ ሞገድ ትቶ ይሰወራል። ካሜራው ቀድሞ ወደዚያ ካልዞረ አይያዝም።